ቀላል ተጎታች ቤት ለደጋው መንገድ፦ ከአውሮፕላን ሠሪዎች የምንማረው

(የመግቢያ ሙዚቃ)

 ይህ የሙያ ትምህርት በወረኢሉ፣ በጃማ፣ በከለላ፣ በለጋምቦ፣ በመካነ ሰላምና በሳይንት ሆናችሁ ለምታዳምጡን ሁሉ ነው። የዛሬው ዝግጅት በተለይ ለብረት ሠራተኞች፣ ለአናጢዎችና ለጋራዥ ባለሙያዎች ነው። አውሮፕላን የሚሠራበትን ዘዴ ወስደን፣ በትንሽ መኪና የሚጎተት፣ ሰው የሚያድርበት ቀላል ቤት እንዴት መሥራት እንደሚቻል እንነጋገራለን።

ወረኢሉ ስንቅና ማደሪያ ይዞ መጓዝን ከጥንት ታውቀዋለች። በ1888 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አፄ ምኒልክ ወደ ዓድዋ የሚዘምተው ጦር እንዲከት ያዘዙት እዚህ ነው። ያ ሁሉ ሰው ያደረው በድንኳን ነበር። ድንኳኑን የተሸከሙት ደግሞ በቅሎና አህያ፣ እነሱ ካልበቁም ሰው ራሱ ነው። የበቅሎ ጭነት ልክ አለው፤ ልኩ ካለፈ በቅሎዋ ዳገቱ ላይ ትቀራለች። ዛሬ በቅሎዋን መኪና ተክቷታል፣ ልኩ ግን አልተነሣም።

እንዲያውም በእኛ ደጋ ልኩ ይጠብቃል። ወረኢሉ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው መኪና ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። 100 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ የተገዛ መኪና እዚህ ሲደርስ በ75 ገደማ ይሠራል ማለት ነው። በዚያ ላይ የወንጪትን ሸለቆ ወርዶ የሚወጣ መንገድ አለ፤ በመካነ ሰላም በኩልም ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው አለ። ከኋላ የተቀጠለ እያንዳንዱ ኪሎ ዳገቱ ላይ ነዳጅ ያስወጣል፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ፍሬን ያግላል።

አሁን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ወደሚገኝ ጋራዥ ሄደን ሰው የሚያድርበት ተሳቢ ሥሩልን ብንል የሚሆነውን የሙያው ሰዎች ታውቁታላችሁ። 40 በ40 ቱቦላሬ ይቆረጥና በብየዳ አጽም ይሆናል። በአጽሙ ላይ ላሜራ ይለብሳል። ውስጡ እንዳይበርድ ፎም ይገባበታል፣ ፎሙን ለመሸፈን ደግሞ ኮምፔንሳቶ ይመታበታል። ሥራው ጠንካራ ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን ሸክሙን ማን እንደተሸከመው እንይ። የተሸከመው ቱቦላሬው ብቻ ነው። ላሜራው ዝናብ ይከላከላል፣ ፎሙ ብርድ ይከላከላል፣ ኮምፔንሳቶው ፎሙን ይሸፍናል። አራቱም ክብደት አላቸው፤ ጥንካሬ የሰጠው ግን አንዱ ነው።

የጥንት አውሮፕላን ሠሪዎችም የሚሠሩት እንዲሁ ነበር። ከእንጨት ወይም ከቀጭን ብረት አጽም አበጅተው ጨርቅ ያለብሱት ነበር። ጨርቁ ነፋስ ይይዛል፣ ሸክሙ ግን በአጽሙ ላይ ነው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ አስተሳሰቡ ተለወጠ። ቆዳው ከስስ አሉሚኒየም ይሠራና በሪቤት ከውስጥ ቀለበቶች ጋር ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ ቆዳው ራሱ ይሸከማል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበት ዳኮታ የተሠራው በዚህ ዘዴ ነው።

እንዴት ስስ ነገር ይሸከማል ለሚል አድማጭ፣ መልሱ በማሳው ላይ አለ። የገብስ አገዳ ውስጡ ባዶ ነው፣ ግድግዳውም እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ሆኖም ከባዱን ዛላ ተሸክሞ በደጋ ነፋስ ይወዛወዛል እንጂ አይሰበርም። ያንኑ አካል ጨምቀን ውስጡ ድፍን የሆነ ቀጭን ዘንግ ብናደርገው ገና ዛላው ሳይሞላ ይታጠፍ ነበር። ሸክም የሚሸከም አካል ወደ ዳር ሲወጣና ሲዘረጋ ይጠነክራል፣ መሐል ላይ ሲከማች ይደክማል። የአውሮፕላን አካልም ይህን ሕግ ይከተላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህን ዕውቀት ከሰማይ ወደ መንገድ ካወረዱት ሰዎች አንዱ ሃውሊ ቦውለስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ቦውለስ ሞተር የሌላቸው ተንሸራታች አውሮፕላኖች ሠሪ ነበር። ቻርልስ ሊንድበርግ እ.ኤ.አ. በ1927 ከኒው ዮርክ ፓሪስ ያለ ማቋረጥ የበረረባትን አውሮፕላን ግንባታ በሳን ዲዬጎ የተቆጣጠረውም እሱ ነው። ይኸው ሰው በ1934 በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ከስስ አሉሚኒየም በሪቤት ሠራ። ቅርጿ እንደ ተንሸራታች አውሮፕላን ገላ ወደ ኋላ የሾለ ነበር፤ ክብደቷም ግማሽ ቶን ገደማ ብቻ። ድርጅቱ ብዙ አልቆየም። ሽያጩ ላይ ይሠራ የነበረው ዋሊ ባያም ግን ሐሳቡን ይዞ በ1936 ኤርስትሪም ክሊፐር የተባለውን ተጎታች አወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሉሚኒየም ሁሉ ለጦር አውሮፕላን ሲውል ባያም ራሱ በአውሮፕላን ፋብሪካ ሠርቷል። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ተጎታቾቹ ተመለሰ።

እነዚህ ተጎታቾች አገራችንንም አይተዋታል። እ.ኤ.አ. በ1959 ባያም 41 ተጎታቾችን አሰልፎ ከኬፕ ታውን ወደ ካይሮ ጉዞ ጀመረ። ጉዞው እስከ 1960 ዘለቀ። ተጓዦቹ በኢትዮጵያ ሲያልፉ አዲስ አበባ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለዋቸዋል። ያ ዘመን አስፋልት እጅግ ጥቂት የነበረበት ነው። የቆዳቸው ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ተጎታቾች በጭቃና በድንጋይ መንገድ እየተጎተቱ ፒራሚዶቹ ሥር ደርሰው ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። ስስ ነገር የእኛን መንገድ አይችልም የሚል ባለሙያ ካለ ይህን ጉዞ ያስብልኝ።

አውሮፕላን መሥራትም ቢሆን ለኢትዮጵያ እጅ እንግዳ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ሠርቷል። በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰየመች። ፋሺስት ኢጣሊያ ማርካ ወሰደቻት፣ ለብዙ አሥርት ዓመታትም ሙዚየም ውስጥ ቆየች፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። በእኛ ዘመን ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ኢትዮጵያዊ በራሱ ንባብና ጥረት ኬ-570ኤ ያላትን አውሮፕላን ሠርቶ የቮልስዋገን ሞተር ገጥሞላታል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ለማብረር ሞክሯል። አየር መንገዳችንም በነሐሴ 2012፣ ይህም በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው፣ ቦይንግ 787ን ከአፍሪካ ቀድሞ ተረክቧል። የዚህ አውሮፕላን ግማሽ ክብደት የካርቦን ክርና ሙጫ ጥምር ነው።

ካርቦን ክር ወረኢሉ ላይ አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። እኔ ለእኛ ይሆናል የምለው ሌላ ነው፤ ይኸውም አናጢ የሠራው አውሮፕላን ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ሞስኪቶ የሚባል የጦር አውሮፕላን ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1940 መጀመሪያ በረረ፤ በዘመኑ ከነበሩት እጅግ ፈጣኖች አንዱ ሆነ። የተሠራው ግን ከሞላ ጎደል ከእንጨት ነው። ሁለት ስስ ኮምፔንሳቶ ተደርገው በመሐላቸው ባልሳ የሚባል በጣም ቀላል እንጨት ተጣብቆበታል። የአሉሚኒየም እጥረት ስለተሰጋ የቤት ዕቃ ሠሪ አናጢዎች ክፍሎቹን በየወርክሾፓቸው ሠሩት። ይህ ዘዴ መሐሉ ቀላል፣ ሁለት ፊቱ ጠንካራ የሆነ ሰሌዳ መሥራት ነው።

ሰሌዳው የሚጠነክርበት ምክንያት ቀላል ነው። ሰሌዳ ሲጎብጥ የላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይሳባል፣ መሐሉ ግን ብዙም አይጨነቅም። ስለዚህ ጠንካራውን ነገር ላይና ታች አድርገን መሐሉን እንደ ፎም ባለ ቀላል ነገር ብንሞላው፣ የመሐሉ ሥራ ሁለቱን ፊቶች አራርቆ መያዝ ብቻ ነው። የፎሙን ውፍረት እጥፍ ብናደርገው ሰሌዳው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ገደማ ግትር ይሆናል፤ የተጨመረው ክብደት ግን ጥቂት ነው።

አሁን እስክሪብቶና ወረቀት ያላችሁ ያዙ። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 1.6 ሜትር፣ ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ ሁለት ሰው የሚያድርበት ሣጥን እናስብ። ወለሉ፣ ጣሪያውና አራቱ ግድግዳ ሲደመሩ 23 ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናሉ። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ ላሜራው ብቻውን ከ180 ኪሎ በላይ ነው። ግድግዳው 1.5 ሚሊ ሜትር በሆነ 40 በ40 ቱቦላሬ 40 ሜትር ብንጠቀም ሌላ 72 ኪሎ ይጨምራል። የውስጡ ፎምና ኮምፔንሳቶ ሲታከልበት ወደ 300 ኪሎ ይጠጋል፤ ያውም ሻንሲው ሳይቆጠር።

በሌላ በኩል 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በውጭ፣ 3 ሚሊ ሜትር በውስጥ፣ በመሐል 3 ሳንቲ ሜትር ነጭ ፎም አድርገን ብንለጥፍ፣ ከነማጣበቂያው በካሬ ሜትር ከ4 ኪሎ ተኩል ብዙ አይበልጥም። ጠቅላላው ሣጥን 110 ኪሎ ገደማ ነው። ብርድ መከላከያው አብሮ ተሠርቷል፣ የውስጥ ሽፋኑም እንዲሁ። ለየብቻ ይሠሩ የነበሩት ሁሉ አሁን ሸክም ይሸከማሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሠራሩ ላይ ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ።

የመጀመሪያው ማጣበቂያው ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ማስቲሽ ነጩን ፎም ያቀልጠዋል። ለፋይበር ግላስ የሚውለው የፖሊስተር ሙጫም እንዲሁ ይበላዋል። ጀልባ ጠጋኞች የለመዱት ሙጫ ነው ብላችሁ ፎሙ ላይ ብታፈስሱት ዓይናችሁ እያየ ፎሙ ጉድጓድ ይሆናል። የሚሆነው ኢፖክሲ ነው፤ ለእንጨት የሚሠራ የፖሊዩሬታን ማጣበቂያም ይሆናል። ከመለጠፋችሁ በፊት የኮምፔንሳቶውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ሞርዱት፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት። የአውሮፕላን ሠሪዎች ስለ ንጽሕና ጥብቅ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ አይያያዝም።

ሁለተኛው ጫናው ነው። የተለጠፈው ሰሌዳ እስኪደርቅ ድረስ በሁሉም ቦታ እኩል መጫን አለበት። ጠፍጣፋ ወለል ላይ አጋድሞ የአሸዋ ከረጢት መደርደር ይቻላል። የአውሮፕላን ወርክሾፖች ግን ሰሌዳውን በላስቲክ ሸፍነው ዙሪያውን ያሽጉና አየሩን በፓምፕ ያወጣሉ። ያን ጊዜ የውጭው አየር ራሱ ይጫነዋል። በወረኢሉ ከፍታ አየር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከ7 ቶን በላይ ነው። ግማሹን አየር ብቻ ብናወጣ እንኳ ምንም ከረጢት የማይሰጠውን ጫና፣ ያውም እኩል የተዘረጋ ጫና እናገኛለን። ለዚህ የአሮጌ ፍሪጅ ኮምፕሬሰር ይበቃል። በየጋራዡ ጓሮ የወደቀ አይጠፋም።

ሦስተኛው፣ ብሎን የሚገባበት ቦታ ነው። ማጠፊያ፣ ቁልፍ ወይም ሻንሲውን የሚያስር ብሎን ፎም ላይ ቢጠብቅ ሰሌዳውን ይሰረጉደዋል። ስለዚህ ሳይለጠፍ በፊት በዚያ ቦታ ፎሙን ቆርጣችሁ ደረቅ እንጨት ተክሉበት። የሰሌዳው ጠርዝ ሁሉ ዙሪያውን የእንጨት ክፈፍ ይኑረው፤ በጠርዝ የሚገባ ውኃ ኮምፔንሳቶን ያበሰብሳልና። የውጩን ፊት በስስ ፋይበር ግላስ ጨርቅና በኢፖክሲ ማልበስ ከክረምቱም ከደጋው ፀሐይም ያድነዋል፤ በላዩ ቀለም ይቀባ።

ማእዘኖቹ የሚያያዙት በአሉሚኒየም ማእዘንና በሪቤት ነው። እዚህ ላይ አንድ የአውሮፕላን ታሪክ መንገር አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሜት የሚባሉት የእንግሊዝ ጄት አውሮፕላኖች ሁለቱ፣ አንዱ በጥር ሌላው በሚያዝያ፣ በአየር ላይ ተበታተኑ። መርማሪዎች አንዱን አውሮፕላን በውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ደጋግመው በመጫን ፈተኑት፤ ስንጥቁ የጀመረው ከመስኮት ማእዘን አካባቢ ሆኖ ተገኘ። በሰላ ማእዘን ላይ ጫና ይከማቻል፤ ደጋግሞ ሲመላለስበት ቆዳው ይሰነጠቃል። ተጎታች ቤት በኮሮኮንች መንገድ ስትሄድ የሚመላለስባት መንቀጥቀጥ ሥፍር የለውም። ስለዚህ የበሩንም የመስኮቱንም ማእዘን ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ። የሪቤቱን ቀዳዳም በትራፓኖ ከበሳችሁ በኋላ ጠርዙን ሞርዱት። አሉሚኒየምና ብረት በሚነካኩበት ቦታ ቀለም ወይም ስስ ጎማ ይግባበት፤ እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙን የሚበላ ዝገት ይፈጠራልና።

ሻንሲው፣ አክስሉ፣ ባሌስትራውና መጎተቻው ግን ብረት ሆነው ይቀጥሉ። እዚያ ላይ ክብደት ለመቆጠብ ብየዳ መቀነስ በሰው ሕይወት መጫወት ነው። መጎተቻው ቢላቀቅ ተጎታቹን የሚይዝ መጠባበቂያ ሰንሰለትም የግድ ነው።

አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት ጭነቱ የት እንዳለ ይሰላል፤ ሚዛኑ ወደ ኋላ ከሄደ አብራሪው ሊቆጣጠረው አይችልም። ተጎታችም እንዲሁ ነው። ከጠቅላላ ክብደቷ ከ10 እስከ 15 በመቶው በመጎተቻው በኩል በመኪናው ላይ ማረፍ አለበት። 400 ኪሎ ከሆነች ከ40 እስከ 60 ኪሎ ማለት ነው። የእህል መመዘኛ ሚዛን መጎተቻው ሥር አስቀምጦ መለካት ይቻላል። ከዚህ ካነሰ ቁልቁለት ላይ ተጎታቹ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ አንዴ ከጀመረ መኪናውንም ይዞ ገደል ሊገባ ይችላል። የውኃውን በርሜልና ከባዱን ዕቃ ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት አስቀምጡ፣ ኋላ አትጫኑ።

አሁን የምናገረው ከሁሉም ይበልጣል። በፎም የተሠራ ቤት ሙቀት ይይዛል፤ የደጋው ሌሊት ደግሞ ይበርዳል። ሰው ከሰል አንድዶ ማስገባት ያምረዋል። እባካችሁ አታድርጉት። በደንብ የተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። ከጣሪያም ከወለል አጠገብም የማይዘጋ የአየር መግቢያ ይኑር። ምግብ የሚበስለው ውጭ ይሁን። ፎምና ኢፖክሲ እሳት ከነካቸውም የሚያወጡት ጭስ መርዝ ነው።

ይህን ሁሉ ደክሞ መሥራት ለምን ያስፈልጋል? ከመካነ ሰላም አጠገብ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ጭላዳ ዝንጀሮውና ቀይ ቀበሮው ያሉበት፣ የደንቆሮ ጫካን የያዘው። አካባቢው ሰላም ሲሆን የሚመጣ እንግዳ ብርድ የማያስገባ ማደሪያ ይፈልጋል፤ ፓርኩ ውስጥ ሲሚንቶ ሳይፈስ፣ ዛፍ ሳይቆረጥ ማደሪያ ማቅረብ ይቻላል። ከቱሪስቱ ይልቅ ግን የእኔ ልብ ያለው የከብት ክትባት ይዞ ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞረው ባለሙያ ላይ ነው። ዘመቻ ሲሆን ከሰው ቤት ደጅ፣ ከትምህርት ቤት ወለል ላይ ያድራል። መድኃኒቱን የሚያስቀምጥበት፣ ራሱም የሚያርፍበት አንዲት ቀላል ተጎታች ቤት ብትኖረው ሥራው ይቃናል። የጤና ባለሙያውም፣ መንገድ ቀያሹም እንዲሁ።

የሚሠራት ሰው ደሴ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። አናጢውና ብየዳ ሠራተኛው አንድ ላይ ከሠሩ ወረኢሉ ላይ ትሠራለች። ሥራው ሲያልቅ ግን መንገድ ከመውጣቷ በፊት በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ተመርምራ የሰሌዳ ቁጥር ታግኝ።

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አታውጡ። ይህን ሳምንት አንድ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ አንድ ሰሌዳ ብቻ ሥሩ። ሲደርቅ መዝኑት፣ ክብደቱንም በላዩ ጻፉ። ከዚያ ጫፍና ጫፉን ብሎኬት ላይ አስቀምጡና መሐሉ ላይ የአሸዋ ከረጢት አንድ በአንድ ጫኑበት፤ በየከረጢቱ ምን ያህል እንደጎበጠ በሜትር ለኩ። እስኪሰበር ድረስ ቀጥሉ። የተሰበረበትን ቦታም እዩት፤ ከማጣበቂያው ላይ ከተላቀቀ ንጽሕናው ወይም ጫናው ጎድሎታል፣ ኮምፔንሳቶው ራሱ ከተቀደደ ሥራችሁ ትክክል ነው። ያኔ ሁለተኛውን ሰሌዳ ጀምሩ።